የብሩ ተራራና የሰው ተራ

ከአንባቢያን ለተላኩ የታሪክ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? አያቴ ባረፈች ጊዜ ከሣጥኗ ሰባት ጠገራ ብር አገኘን። ስምንተኛ ክፍል የሆነው ልጄ አንዱን አንሥቶ «እማዬ፣ የድሮ ብር እኮ ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ባሮች ቆፍረው ያወጡት ነው፤ ይህ የባሪያ ላብ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ብሮቹን ባየሁ ቁጥር ቅር ይለኛል። ልጄ ያለው እውነት ነው? እግረ መንገድዎን ደግሞ፣ ብሮቹ ትክክለኛ መሆናቸውን በምን አውቃለሁ? አንደኛው ጠቁሯል፤ ልጠበው?
(ከደሴ)

መልስ፦ እኅቴ፣ የማጠቡን ጉዳይ ወደ መጨረሻ አቆየዋለሁ። እስከዚያ ድረስ እባክዎ አመድም ሎሚም አያስነኩት።

ልጅዎ የተናገረውን በግማሽ እቀበላለሁ። ግማሹን ማረም አለብኝ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ጠመኔ ይዞ የኖረ ሰው ይህን ልማዱን በቀላሉ አይተውም።

አባቴ አንጥረኛ ነበር። የእኔ ሥራ ወናፍ መንፋት ነበር። ሰው ለልጁ መስቀል ወይም ለሙሽራ አልቦ ሊያሠራ ሲመጣ ጠገራውን በጨርቅ ቋጥሮ ያመጣል፤ አባቴ መዝኖ ይቀበልና በትንሿ የሸክላ ማቅለጫ ውስጥ ያኖረዋል። ያን ጊዜ ዓይኔን ከእሳቱ አልነቅልም። ብሩ መጀመሪያ ይቀላል። ቀጥሎ የንግሥቲቱ ጉንጭ ይረግባል፤ ጸጉሯና የራስ ጌጧ ይደበዝዛል። ከዚያ ድንገት ሁለመናዋ ይሰበሰብና እንደ ዓይን ብሌን የሚያብረቀርቅ ጠብታ ትሆናለች። «ይሄ ብር የማን አገር ነው?» ብዬ ስጠይቀው አባቴ «አንዴ ከቀለጠ አገሩን አይናገርም» ይለኝ ነበር። ለእርስዎም የምሰጠው መልስ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ንግሥቲቱ የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ናት። የሞተችው በ1780 ነው (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ከሞተች በኋላም ብሩ ያንኑ 1780 እንደ ያዘ መሠራቱ ቀጠለ። ቪየና፣ ቬኒስና ሚላኖ፣ ቆይቶም ሮም፣ ለንደንና ቦምቤይ ቀጥቅጠውታል። ስለዚህ በላዩ ያለው ዓመት የአያትዎ ብር መቼ እንደ ተሠራ አይነግርዎትም። የብሩም ምንጭ አንድ አይደለም። ከመካከለኛው አውሮፓ ማዕድን የወጣ አለበት፤ ነጋዴ ከገበያ ሰብስቦ ያቀረበውም አለበት። በማሪያ ቴሬዛ ዘመን በአውሮፓ ገበያ ሲዞር ከነበረው ብር እጅግ የሚበዛው ደግሞ በስፔን መርከቦች ከአሜሪካ የመጣ ነው። ከሰባቱ ጠገራዎች በየትኛው ውስጥ የአሜሪካ ብር እንዳለ ለይቶ ሊነግርዎት የሚችል ሰው የለም።

ማሪያ ቴሬዛ ሳትወለድ በፊት ግን የአሜሪካ ብር በእኛ ሰፈር ደርሶ ነበር። እንግሊዞችና ሆላንዶች ከቀይ ባሕር ማዶ፣ ከሞካ ወደብ ቡና ሲገዙ የሚከፍሉት በስፔን ሪያል ነበር። ሞካ ከምጽዋ ብዙም አይርቅም።

ልጅዎን የማርመው «ባሮች» ባለው ላይ ነው። ይህ ትንሽ ጉዳይ እንዳይመስልዎት።

ዛሬ ቦሊቪያ በምንለው አገር ፖቶሲ የምትባል ከተማ አለች። ከተማዋ ራሷ ከባሕር ወለል 4,000 ሜትር ከፍ ትላለች፤ ከአናቷ የቆመው ተራራ ደግሞ 4,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ራስ ደጀንን ይበልጣል። ስፔናውያን «ሴሮ ሪኮ» አሉት፤ ባለጸጋው ተራራ ማለት ነው። በ1545 ዲዬጎ ጉዋልፓ የሚባል የአገሩ ሰው ብር መያዙን አወቀ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ በዓለም ከሚመረተው ብር ግማሽ ያህሉ ከዚህ አንድ ተራራ ይወጣ ነበር። እህል በማይበቅልበት፣ ዛፍ በማይታይበት ብርድ አገር ከ120,000 የማያንስ ሕዝብ ተከማቸ።

አንድ የአንጥረኛ ልጅ ስለ ፖቶሲ ሲያነብ ልቡ የሚቆመው ግን ሌላ ቦታ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሃያ አምስት ዓመታት ብሩን የሚያቀልጡት ስፔናውያን አልነበሩም፤ አያውቁበትማ። ወናፋቸው ለዚያ ድንጋይ አልሆነም። የአገሩ ሰዎች ግን «ዋይራ» የሚሏት፣ ከሸክላና ከድንጋይ የምትሠራ፣ ዙሪያዋን የተበሳሳች ትንሽ እቶን ነበረቻቸው። ዋይራ በቋንቋቸው ነፋስ ማለት ነው። ማታ ነፋሱ ሲነሣ በተራራው ወገብ ላይ በላማ (የአገሩ የጭነት እንስሳ ነው) ኩበትና በሣር ያነዷታል፤ ነፋሱ በቀዳዳዎቹ ገብቶ የወናፉን ሥራ ይሠራላቸዋል። በሺህ የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ እቶኖች ነበሩ፤ ሌሊት ሌሊት ተራራው ኮከብ የወረደበት ይመስል ነበር ይላሉ ያዩት። ድንጋዩን ቆፋሪው ራሱ ድርሻውን ወስዶ ገበያ ይሸጣል፤ ባለ ዋይራው ገዝቶ ያቀልጣል። ጌታና ሎሌ አልነበረም ማለቴ አይደለም። ዕውቀቱ ግን በአገሬው እጅ ስለ ነበረ ስፔናዊው ደጅ ይጠና ነበር።

ከዚያ ምርጡ ድንጋይ አለቀ። የቀረው ብር ሲሳሳ ዋይራ አልበቃ አለው። በ1570ዎቹ ሌላ ዘዴ መጣ፤ ድንጋዩን በውሃ ኃይል በሚሠራ ወፍጮ አድቅቆ በጨውና በባዜቃ፣ ማለትም ዛሬ ሜርኩሪ በምንለው ነገር፣ ማሸት። ባዜቃው ብሩን ይይዝለታል፤ ኋላ በእሳት ያተኑትና ብሩ ብቻውን ይቀራል። ባዜቃውም ፔሩ ውስጥ፣ ዋንካቬሊካ በሚባል ቦታ ተገኝቶ ነበር። ይህ ሁሉ ወፍጮ፣ ግድብና ጉድጓድ የሚሻው ሰው ነው፤ ብዙ ሰውና ርካሽ ሰው። ዕውቀት ያለው ሰው እንደ ድሮው አያስፈልግም፤ ጀርባ ያለው ይበቃል።

የስፔኑ ንጉሥ እንደራሴ ፍራንሲስኮ ዴ ቶሌዶ በ1573 ነገሩን በሥርዓት አደረገው። ከአሥራ ስድስት አውራጃዎች፣ ከ18 እስከ 50 ዓመት ዕድሜ ካለው ወንድ ከሰባቱ አንዱ በየዓመቱ ለፖቶሲ ይሰጥ አለ። ድምሩ በዓመት 13,500 ሰው ገደማ ነው። ስሙ «ሚታ» ተባለ፤ ትርጉሙ ተራ ማለት ነው። ቃሉ የቶሌዶ አይደለም፤ ከስፔናውያን በፊት አገሩን ይገዙ የነበሩት ኢንካዎች ይሉት ነበር። በኢንካዎች ዘመን ግን ሕዝቡ ተራ ገብቶ መንገድ ሲሠራ ወይም የንጉሥ እርሻ ሲያርስ ጠሪው ያበላል፣ ጠላ መሰል መጠጣቸውን ያጠጣል። ደቦ ጠርቶ ጠላና ንፍሮ ያላቀረበ ሰው በእኛ አገር ምን እንደሚባል ያውቃሉ። ቶሌዶ ስሙን ወሰደ፤ ጠላውን ተወው።

ቹኩይቶ የምትባለው አውራጃ፣ ከቲቲካካ ሐይቅ ዳር፣ ብቻዋን 2,200 ወንዶች ትልክ ነበር። ወደ ፖቶሲ ያለው መንገድ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጉዞው ሁለት ወር ይፈጃል። ወንዱ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ የሚበላውን ድንችና የሚጭንበትን ላማ ይዞ ይወጣል፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መንገድ ላይ ያያቸው አንድ ስፔናዊ 7,000 ነፍስ ያህል ይሆናሉ ብሎ ጽፏል። የመንደሩ ጭቃ ሹም፣ በእነርሱ አጠራር ኩራካ፣ ሰው ካጎደለ ራሱ ይቀጣል፤ ስለዚህ ማንን ልኮ ማንን እንደሚያስቀር ሲቆጥር ያድራል። መጥፎ ሹመት ነው።

ከደረሱ በኋላ ጉድጓድ አለ። መሰላሉ ከከብት ቆዳ የተገመደ ገመድ ሆኖ በመካከሉ እንጨት የተረበረበበት ነው። ሰዎቹ ሦስት ሦስት እየሆኑ ይወጣሉ። ፊት ያለው በአውራ ጣቱ ላይ ሻማ ያስራል፤ በሁለት እጁ መሰላል ስለሚይዝ ሻማውን የሚይዝበት ሦስተኛ እጅ የለውማ። ድንጋዩን፣ ሃያ ኪሎ የሚያልፈውን፣ ከቤቱ ባመጣው በገዛ ጋቢው ቋጥሮ በጀርባው ያዝላል። ይህን የጻፈልን ጉድጓዱን ገብቶ ያየ አንድ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ሙቀት ነው፤ ሲወጡ 4,000 ሜትር ላይ ያለ ብርድ በላብ የራሰ ገላ ይቀበላል። ሳንባቸው በዚያ ተበላሸ፤ ወፍጮ ቤት የዋለው ደግሞ በድንጋይ ብናኝ።

አሁን ልጅዎን ያስቀምጡትና ይህን ይንገሩልኝ። እነዚህ ሰዎች በሕግ ባሮች አልነበሩም። ስፔን የአሜሪካን ተወላጆች ባሪያ ማድረግን በ1542 በሕግ ከልክላለች፤ የንጉሡ ነፃ ዜጎች ይባሉ ነበር። ፖቶሲ ውስጥ ከአፍሪካ ተግዘው የመጡ ባሮችም ነበሩ፤ የሚሠሩት ግን በአብዛኛው በገንዘብ መቅረጫው ቤትና በጌቶች መኖሪያ ነው። ጉድጓድ ውስጥ የማይሰደዱት ጌታው ስለ ራራ አይደለም። አንድ ባሪያ ብዙ መቶ ፔሶ (ትልቁ የስፔን ብር ነው) ያወጣል፤ ድንጋይ ቢናድበት ጌታው ገንዘቡን ያጣል። የቹኩይቶው ሰው ግን ማንም አልገዛውም። ቢሞት የሚከስር የለም፤ ቹኩይቶ ሌላ ትልካለች። ነፃው ሰው ከባሪያው የረከሰው በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከጓደኛዬ ጋር ስለ ፖቶሲ ሚታ ተከራክረን እራት ተወራርደናል። እኔ «ደመወዝ እየተከፈላቸው የግዳጅ ሥራ ሊባል አይችልም» አልሁ። እርሱ «ግዳጅ ነው» አለ። ይፍረዱን።
(የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ልጄ፣ እራቱን አንተ ትከፍላለህ። ለማጽናናት ያህል ግን ሒሳቡን ልሥራልህ፤ ምክንያቱም በደመወዙ ነገር አልዋሸህም። የተወሰነ፣ በደንብ የተጻፈ ደመወዝ ነበራቸው። ጉድጓድ ውስጥ ለሚሠራ በቀን ሦስት ሪያል ተኩል፣ ድንጋይ ወደ ወፍጮ ለሚያጓጉዝ ሦስት፣ ወፍጮ ቤት ለሚሠራ ሁለት ከሦስት ሩብ። ስምንት ሪያል አንድ ፔሶ ነው።

ሰኞ ሰውን ለመቁጠርና ለማከፋፈል ያልፋል። ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ሥራ ነው፤ ብዙዎቹ ሳምንቱን ሙሉ ከጉድጓድ አይወጡም። አምስት ቀን በሦስት ተኩል አሥራ ሰባት ተኩል ሪያል ይሆናል፤ ሁለት ፔሶ ከጥቂት ሳንቲም። ከዚህ ላይ ለሹማምንቱ ደመወዝ ተቀናሽ አለ። ንጉሡ የሚጠይቀው ግብር አለ፤ ተራ መግባት ከግብር ነፃ አያወጣም። ሻማውንም ብዙ ጊዜ ሠራተኛው ራሱ ነበር የሚገዛው። የሚያኝከው የኮካ ቅጠልም አለ፤ ያለ እርሱ ረኃቡንና ድካሙን የሚችለው የለም። በዚያ ከፍታ ላይ አንድ ፍሬ እህል ስለማይበቅል የሚበላው ሁሉ ከሩቅ ተጭኖ ይመጣል፤ ዋጋውን አንተ ገምት። የሁለቱ ወር ጉዞ ደግሞ በራሱ ወጪ ነው። ሕጉ ለመንገድ እንዲከፈላቸው ቢያዝም በአብዛኛው ሳይከፈል ቀርቷል።

ታዲያ እንዴት ኖሩ? ክርክራችሁን የሚፈታው ይኸው ነው። በሕጉ መሠረት አንድ ሳምንት ሠርቶ ሁለት ሳምንት ያርፋል። ያረፈ ግን ጥቂት ነው። በ«እረፍቱ» ሳምንት ያው ሰው፣ በዚያው ጉድጓድ፣ ያንኑ ሥራ በፈቃዱ ተቀጥሮ ይሠራል። ያን ጊዜ ስሙ «ሚንጋ» ይባላል። የሚንጋ ደመወዝ ደግሞ የሚታውን ሁለት እጥፍ ያህል ነበር!

እዚህ ላይ ቆም በል። አንድ ጀርባ፣ አንድ መሰላል፣ አንድ ጋቢ። ገበያው ለጉልበቱ ሰባት ሪያል ገደማ ሲሰጥ ሕጉ ሦስት ተኩል ይሰጠዋል። ልዩነቱ የማን ኪስ ገባ? የባለ ጉድጓዱ። ደመወዝ ነበረ ማለትህ ትክክል ነው፤ የደመወዙ ግማሽ በየቀኑ መዘረፉን ግን አላየኸውም። ክፍለ ጊዜ ቢኖረኝ ይህን በሰሌዳ ላይ እጽፈው ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ጓደኛህ ካልሰማው ለመኩራራት ይጠቅምሃል። አቅም ያለው የገጠር ሰው ተራው ሲደርስ ገንዘብ ከፍሎ ይቀር ነበር። ባለ ጉድጓዱም በዚያ ገንዘብ ሌላ ሰው መቅጠር ሲገባው፣ ማዕድኑ እየሳሳ ሲሄድ፣ ገንዘቡን ዝም ብሎ ኪሱ ይከትተዋል። እነዚህን ስማቸው ብቻ የሚቆጠር ሰዎች «የኪስ ሰዎች» ይሏቸው ነበር። ምንም ድንጋይ ሳይወጣ፣ አንድም ሰው ጉድጓድ ሳይወርድ ሚታው ገቢ ያስገኛል። ሌላው ደግሞ ይሸሻል፤ ከተወለደበት መንደር ወጥቶ በሌላ አውራጃ እንግዳ ሆኖ የተቀመጠ ሰው ተራ አይደርሰውም ነበርና፣ ስንቱ መሬቱንና የአባቱን መቃብር ጥሎ ሄደ። የቀሩት ጥቂቶች ተራቸው በሰባት ዓመት መሆኑ ቀርቶ ቶሎ ቶሎ ይመጣባቸው ጀመር።

ባለሥልጣኖቹ ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። እንደራሴው የሌሞሱ ባላባት (ኮንት) በ1670 ገደማ ሚታው ይቅር ብሎ ለንጉሡ ጽፏል። ንጉሡም ከፖቶሲ ከሚገባው አንድ አምስተኛ ድርሻ ነበረውና ደብዳቤው ደብዳቤ ሆኖ ቀረ። ሚታ በሕግ የተሻረው በ1812 ነው።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለመምህር። ጅዳ በሰው ቤት ከሠራሁ አራት ዓመቴ ነው። ለመምጣት የተበደርሁትን ዕዳ ለመጨረስ ብቻ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ደመወዜ በሪያል ነው። እርስዎ በአንድ ጽሑፍ ላይ የስፔን ገንዘብም «ሪያል» ይባላል ብለው አየሁ። ዐረብኛ አልነበረም እንዴ?
(ከጅዳ)

መልስ፦ እኅቴ፣ ቃሉ ከስፔን ነው የመጣው። «ሬያል» በስፓኒሽ የንጉሥ ማለት ነው። ስምንት ሪያል የሚያወጣው ትልቁ የስፔን ብር በዓለም ሁሉ ሲዞር፣ ዐረቦች ትልቅ የብር ገንዘብን በዚያው ስም ጠሩት። የሳዑዲው፣ የየመኑ፣ የኦማኑ ሪያል ሁሉ ከዚያ የቀሩ ናቸው። ሰምና ወርቅ እንደሚወዱ ሰዎች እንግዲህ ይህን እናስተውል፤ እኛ ደግሞ ብረቱን በራሱ ስም ጠራንና ገንዘባችን «ብር» ሆነ። ዶላርም ዘመድ ነው፤ ዮአኪምስታል በምትባል የቦሔሚያ መንደር በ1520 ገደማ የተሠራው ብር «ታለር» ተባለ፤ ማሪያ ቴሬዛ ታለርም ዶላርም ስማቸው ከዚያ ይወለዳል።

የስፔን ብር እንዴት እስከዚህ ደረሰ ቢሉኝ፣ ትልቁ ጎታች ቻይና ነው። የሚንግ መንግሥት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ግብሩን በብር መሰብሰብ ጀመረ፤ እንግዲህ ያን ያህል ሕዝብ በየዓመቱ ብር ሊፈልግ ነው። በአውሮፓ አንድ ሚዛን ወርቅ ለማግኘት አሥራ ሁለት ሚዛን ያህል ብር ሲጠየቅ በቻይና ስድስት ያህል ይበቃ ነበር። ይህን ያወቀ ነጋዴ እንቅልፍ አይወስደውም። ስፔናውያን በ1571 ማኒላን ያዙ፤ ከዚያ በኋላ እስከ 1815 ድረስ በየዓመቱ ከሜክሲኮዋ አካፑልኮ ብር የጫነ መርከብ ወደ ማኒላ ይሄዳል፣ ሐርና ሸክላ ጭኖ ይመለሳል። ሌላው ብር በሴቪያ፣ በአምስተርዳም፣ በሞካ፣ በሕንዷ ሱራት ዞሮ በመጨረሻ እዚያው ይገባል። ስፔን ራሷ ብሩ በእጇ አልበረከተላትም፤ በዳግማዊ ፊሊፕ ዘመን ብቻ በ1557፣ በ1575 እና በ1596 ዕዳዬን መክፈል አልችልም ብላለች። የጄኖቫ ባንከኞች ብሩ ገና ባሕር ላይ ሳለ በዕዳ ይዘውት ነበር።

የጉዞ ዕዳዎን የጻፉበትን ደብዳቤ ከሐዋሳው ተማሪ ቀጥሎ ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው። እርሱም ያነበዋል ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ በፖቶሲ ተራራ ውስጥ ስምንት ሚሊዮን ሰው እንደ ሞተ፣ ከወጣውም ብር ከፖቶሲ እስከ ማድሪድ ድልድይ መሥራት ይቻል እንደ ነበረ አነበብሁ። ትክክል ነው?
(ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ ድልድዩን ለተረት ነጋሪዎች ይተዉት።

ስምንት ሚሊዮኑ ግን ደጋግሞ የሚመጣብኝ ጥያቄ ስለሆነ እርሳስ ይዘው አብረን እናስላ። ሚታው ከ1573 እስከ 1812 ለ239 ዓመት ቆየ። በየዓመቱ 13,500 ሰው ሄደ ብንል፣ አንድም ሰው ሳይመለስ ሁሉም እዚያው ቀረ ብንል እንኳ ከ3,250,000 አያልፍም። ቁጥሩ ደግሞ እስከ መጨረሻው 13,500 አልነበረም፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ 4,000 ገደማ ወርዶ ነበር። ከሄዱትም ብዙዎቹ አልሞቱም፤ ከተማዋ ውስጥ ቀርተው ሚንጋ፣ ነጋዴ፣ ጫኝ፣ ጠማቂ ሆነዋል፤ ወይም ሸሽተዋል። የአውራጃዎቹ መንደሮች ባዶ የሆኑት በሞት ብቻ ሳይሆን በሽሽትም ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከአውሮፓ የመጡት ፈንጣጣና ኩፍኝ ፈጅተዋቸዋል።

ይህን ስል የሚቆጡ አሉ፤ ግፉን ያሳነስሁ ይመስላቸዋል። እኔ የሚያስቆጣኝ ሌላ ነው። ከቹኩይቶ የወጣውን አንድ ሰው ከነጋቢው፣ ከነሻማው ለማየት ስምንት ሚሊዮን የሚል ቁጥር ካላስፈለገን አይታየንም ማለት ነው? በውሸት ቁጥር የተሟገተ ሰው ቁጥሩ ሲወድቅ እውነተኛው ግፍም አብሮ ይወድቅበታል። ተማሪዎቼን በዚህ ስቀጣ ኖሬአለሁ።

አሁን ወደ ደሴዋ እኅቴ ልመለስ፤ ሁለተኛ ጥያቄዎ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

ብርን መጠራጠር የቆየ ነገር ነው፤ ፖቶሲም አለችበት። በ1640ዎቹ የፖቶሲ ገንዘብ መቅረጫ ቤት ሰዎች ከብር ነጋዴዎች ጋር ተመሳጥረው በገንዘቡ ውስጥ መዳብ ያበዙበት ጀመር። ጄኖቫ ላይ ተነቃ፤ ነጋዴዎች የፖቶሲን ብር አንቀበልም አሉ፤ የስፔን ጦር ደመወዝና የንጉሡ ዕዳ ሁሉ ተናጋ። ከማድሪድ የተላከው መርማሪ ነገሩን በ1649 አጣራ። ፍራንሲስኮ ጎሜዝ ዴ ላ ሮቻ የሚባለው የከተማዋ ቱጃር በ1650 ታንቆ ተገደለ፤ የብሩን ጥራት እየመረመረ የሚያረጋግጠው ሰውም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ገንዘቡ ሁለት ዐምድና ማዕበል ያለበት አዲስ መልክ ወጣለት፤ አሮጌው ከአዲሱ እንዲለይ።

የአገራችን ሰው ጠገራን ሲቀበል አገላብጦ የሚያየው፣ ዕንቁዎቿን የሚቆጥረው ያለ ምክንያት አልነበረም። አባቴ የሚያደርገውን ልንገርዎት። መጀመሪያ ጠገራውን ጣቱ ጫፍ ላይ አቁሞ በሌላ ብር መታ ያደርገዋል፤ ደህናው ብር ረጅም፣ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል፤ እርሳስ የበዛበት «ጠብ» ብሎ ይቀራል። ቀጥሎ ይመዝነዋል፤ ትክክለኛው 28 ግራም ከጥቂት ነው፤ ከመቶው 83 እጅ ንጹሕ ብር አለበት። ከንግሥቲቱ ደረት በታች ኤስ እና ኤፍ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ይፈልጋል። መጨረሻ ላይ፣ ይህ ነው ልጅ ሆኜ ያስደነቀኝ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የብሩን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ጥፍር ይዞረዋል። ጠርዙ ላይ ጎላ ብለው የወጡ ፊደሎች አሉ፤ በላቲን «በፍትሕና በርኅራኄ» የሚል ነው። አባቴ ላቲን ቀርቶ አማርኛም ማንበብ አይችልም ነበር፤ ግን ፊደሎቹ ጥፍሩ ላይ ካልተሰሙት ብሩን ይመልሳል።

የጠቆረው ብር አልተበላሸም። አየሩ ውስጥ ያለው ድኝ ነው ያጠቆረው። ለብ ባለ ውሃና በለዘብተኛ ሳሙና ያጥቡት፣ በጥጥ ጨርቅ አድርቀው ሣጥኑ ውስጥ ይመልሱት። በብሩሽ አይፈትጉት፤ የንግሥቲቱን ፊት ይበላዋል።